የጀልባዋ ካፒቴንና ያልጠየቅኩሽ ጥያቄ

ለማልጠግብሽ እህቴ፣ ለድንቡሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትሽን ልጠይቅ። ባለፈው በስልክ ስናወራ "ደረጃ ስወጣ ቀኝ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል" ብለሽ ስቀሽ ነበር። ሳቅሽን ሰማሁ፤ ደህና ነኝ ማለትሽን ግን አላመንኩሽም። ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ያ ድንጋይን ከድንጋይ ማስታረቅ የሚያውቅ ግንበኛ፣ ወገቡ እንዴት ሆነለት? አማትሽስ ለጆሯቸው የተገዛላቸውን መሣሪያ ለመዱት ወይስ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው "ምን አላችሁ?" ይላሉ? ልጆቹስ እንዴት ከረሙ? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እህል እበላለሁ፣ እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ሥራዬንም እሠራለሁ፤ ከዚህ ወዲያ ጤና ምን እንደሆነ አላውቅም። ናፍቆትሽ ግን አንድም ቀን ቀለል ብሎልኝ አያውቅም።

ይህ ደብዳቤ እንደ ወትሮው አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ፤ አክስታችን ቤት የሄድሽበትን ጊዜ የሚመለከት ነው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ ኑሮ ውድነት አውርቼ ዘግቻለሁ። አንቺም "ምን ልትዪኝ ነበር?" ስትዪኝ "ረሳሁት" እልሻለሁ። አልረሳሁትም። ዛሬ ሳልነግርሽ ይህን ወረቀት አላሽገውም ብዬ ተቀምጫለሁ። ነገር ግን በምን መንገድ እዚህ እንደደረስኩ ካላወቅሽ "ይህች ሴትዮ በእርጅናዋ ምን ነካት?" ማለትሽ አይቀርም። መንገዱ ደግሞ የሚያስቅ ነው፤ በካርቱን ፊልም በኩል ነው የመጣሁት።

ልጄ ከወር በፊት ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ደረጃ ላይ ተንሸራታ ቁርጭምጭሚቷን ሰብራ ነበር። አትደንግጪ፣ አሁን እየገጠመላት ነው። ጄሶ ታስሮላት ስድስት ሳምንት እንዳትንቀሳቀስ ታዘዘች። ያቺን እሳት የላሰች ልጅ አንድ ቦታ ማስቀመጥ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ጃፓኖች በሥዕል የሚሠሩት አኒሜ የሚባል ፊልም አለ፤ ሶፋው ላይ ተዘርራ ቀኑን ሙሉ እሱን ታያለች። እኔም "የሃያ አራት ዓመት ሴት ካርቱን ስታይ እፍረት የለም?" ብዬ አሾፍኩባት። "አንቺ መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው መጽሐፍ ስታነቢ እኔ ምን አልኩሽ?" ብላ አፌን አስያዘችኝ። እውነቷን ነው። ነፍሱን ይማረውና አባቷ ማተሚያ ቤት ሲሠራ ማሽን ያበላሻቸውን ገጾች በጃኬቱ ውስጥ አጥፎ ያመጣልኝ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በእነሱ ነው። አንድ ሰው ገጽ አርባ ላይ ሲጣላ አነባለሁ፤ ለምን እንደተጣላ ግን ማንም አይነግረኝም። ከዚያ ወዲህ ነው መሰለኝ፣ ሰው ከየት ተነስቶ የት ደረሰ የሚለው ነገር እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዘኛል።

ንግግሩ በጃፓንኛ ስለሆነ የአማርኛ ትርጉሙ ከሥዕሉ ሥር ይሮጣል። እኔ ደግሞ በጣት እየጠቆምኩ የተማርኩ አንባቢ ነኝ፤ ጽሑፉ እንደ አውቶቡስ ጥሎኝ ይሄዳል። "አቁሚልኝ!" እላለሁ፤ ታቆማለች። አንብቤ ስጨርስ "ልቀቂው" እላለሁ። በሦስተኛው ቀን ልጄ ትራሷን ፊቷ ላይ ጫነችና "እማዬ፣ ሥዕሉንም እይ እንጂ፣ ተሠቃይተው ነው የሣሉት!" አለችኝ። እንዲህ እየተጓተትን አንዱን ተከታታይ ፊልም ይዘን ቀረን።

ነገሩ ይህ ነው። ምድሩ ሁሉ ደሴት የሆነ አገር አለ። አንዲት ወጣት ሴት በአሮጌ ጀልባ ከደሴት ደሴት መድኃኒት ታመላልሳለች። ካፒቴኗ እሷ ናት፤ ከእሷ ጋር አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ መካኒክና አንዲት ካርታ አንባቢ አሉ። የባሕር ወንበዴ ሲመጣባቸው ካፒቴኗ ትጮኻለች። ግን አጯጯኋ! ከሰውነቷ ብርሃን ይወጣል፣ ፀጉሯ እንደ ጥጥ ይነጣል፣ ጉልበቷ የአሥር ሰው ይሆናል፤ ከዚያ ሁሉን ደምስሳ ወደ ቀድሞ መልኳ ትመለሳለች። እኔ መጀመሪያ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሰው ለመለወጥ ይህን ያህል መጮህ አለበት እንዴ? እኔ ባሌ የሞተ ዕለት ሌላ ሰው ሆኜ ነው ያደርኩት፣ ድምፄ ግን አልወጣም። ልጄ "ጩኸቱ ለወንበዴው አይደለም፤ መለወጥ ስለሚያማት ነው" አለችኝ። ይህን ስትለኝ ሳቄ ቆመ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት።

አዎ፣ ደብተር ይዣለሁ፤ እንዳትስቂ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ እንዲህ ይላል፦ ሰው ሲለወጥ አዲስ ሰው ይሆናል ወይስ የተደበቀው ይወጣል? ምክንያቱም አንዱ ወንበዴ በኋላ ወዳጃቸው ሆነ። ክፉ የነበረው ሰውዬ የት ሄደ? ጥያቄውን ሥራ ቦታ ወሰድኩት። ታውቂያለሽ፣ የሆስፒታሉ ላውንደሪ ውስጥ ሰባት ሴቶች ነን፤ በሻይ ሰዓት የፊልሙን ታሪክ እየቆራረስኩ እነግራቸው ጀመር። እኔ ዝምተኛዋ! አንዷ "ሰውየው አልተለወጠም፣ ቀድሞም የሚያዝንለት አጥቶ ነው" አለች። ሌላዋ "እንግዲያው የኔንም ባል እዚያ ጀልባ ላይ ጫኑልኝ" ብላ አሳቀችን። ጄነራል የምንላት ደግሞ "በጩኸት የሚለወጥ ቢሆን እኔ እስካሁን መልአክ ሆኜ ነበር" አለች።

ጄነራልን ላስተዋውቅሽ። አምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ሹመት የላትም፣ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ስታዝዝ ትውላለች። ኦፕራሲዮን ክፍል የሚሄደውን ጨርቅ የምናጥፈው እኔና እሷ ነን። ያ ጨርቅ እንዲሁ አይታጠፍም፤ ነርሷ ጫፉን ብቻ ይዛ፣ ውስጡን ሳትነካ መግለጥ እንድትችል አንዱ ማዕዘን ወደ ውጭ ተመልሶ መቅረት አለበት። ማዕዘኑ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ዳሩ ላይ ነጠብጣብ ከተገኘ ጥቅሉ ይመለሳል። የማን እንደሆነ እንዲታወቅ እያንዳንዳችን በጥቅላችን ላይ ባለቀለም ክር እናስራለን። የጄነራል ቀይ ነው፣ የእኔ ሰማያዊ። በየወሩ መጨረሻ የተመለሰው ሲቆጠር እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ "ከቀይ ክር የተመለሰ ካለ አምጡና አሳዩኝ!" ትላለች። እኛም እናጨበጭብላታለን።

እህቴ፣ ያ ቀይ ክር የእኔ ሥራ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ዳር ዳሩን ማየት እንደተሳናት አስተዋልኩ። መሐሉን ጥርት አድርጋ ታጥፋለች፤ ማዕዘኑን ትረሳለች፣ ጥግ ላይ ያለውን ነጠብጣብ አታይም። ብነግራት ታፍራለች፣ ቢታወቅባት ከሥራ ትወጣለች ብዬ ዝም አልኩ። እሷ ምሳ ስትወጣ ጥቅሎቿን ፈትቼ፣ ደግሜ አጥፌ፣ ቀዩን ክሯን መልሼ አስርላት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ። ማንም አላወቀም። ለራሴም ደግ ሴት የሆንኩ መሰለኝ።

እንግዲህ ባለፈው ወር የክፍላችን ኃላፊ በጡረታ ወጣች። አስተዳዳሪው ጠራኝና "ከእንግዲህ ኃላፊዋ አንቺ ነሽ፤ የመጀመሪያ ሥራሽም ይህ ነው" ብሎ አንድ ወረቀት አቀረበልኝ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ አዲስ ቅርንጫፍ ተከፍቷል፤ እዚያ ላሉት አዳዲስ ሠራተኞች አጣጠፍ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። አስተዳደሩ መዝገቡን አይቶ መርጧል። ሁለት ዓመት አንድም ጥቅል ያልተመለሰባት ማን ናት? ቀይ ክር። የእኔ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። እዚያ ብቻዋን ብትሄድ ገና በመጀመሪያው ጠዋት ጉዷ እንደሚወጣ ገባኝ። ብዕሩን መልሼ አስቀመጥኩ። "ላስብበት" ብዬ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያሰብኩትን ብነግርሽ አታምኚኝም። ተመልሼ "እሷን ተዉአት፣ እኔ ልሂድ" ልለው ነበር። ለእሷ ደግሞ "አስተዳዳሪው ሐሳቡን ቀየረ" ልላት። ዳግመኛ በስውር፣ ዳግመኛ ለእሷ ብዬ። እንዲያውም ልቤ ቀለል አለኝ። ቤት ገብቼ ከልጄ ጎን ተቀመጥኩና ፊልሙን ከፈተችው።

በዚያ ምሽት ባየነው ክፍል ወንበዴ የለም። ጀልባዋ ከሥር ተሰንጥቃ ውኃ ታስገባለች፤ የሚያውቀው ካፒቴኗ ብቻ ናት። ሌሎቹ እንዳይፈሩባት ብላ፣ እነሱ ሲበሉ እሷ "አልራበኝም" እያለች ወርዳ ብቻዋን ውኃ ትቀዳለች። ጉልበቷ ይጨምራል፣ ፀጉሯም ትንሽ በትንሽ ነጥቶ ይቀራል፤ የሚገርመው ግን ነጣ ባለ ቁጥር የጓደኞቿ ድምፅ እየራቃት ይሄዳል። አንድ ቀን ወጥ ቤቱ ተከትሏት ወረደና አያት። እኔ እግሯ ላይ ይወድቃል፣ ያመሰግናታል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ውኃው ውስጥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። "እኛ ባሕርተኞች ነን ብለን ነበር፤ ለካ ጭነት ሆነን ኖረናል" አላት። "አቁሚው!" አልኳት ልጄን። አቆመችው። ጽሑፉን አንብቤ ከጨረስኩ በኋላም ልቀቂው አላልኩም። "እማዬ?" ስትለኝ "ዓይኔ ደከመ" ብያት ተነሳሁ።

ካፒቴኗ ከዚያ ሦስቱንም ሰብስባ ነገረቻቸው፤ ይህን ያየሁት በማግስቱ ነው። ብርሃን አልወጣም፣ ጩኸት የለም፤ አራት ሰዎች ባልዲ እየተቀባበሉ ውኃ ይቀዳሉ፣ በቃ። ልጄ "ይሄ ክፍል ደባሪ ነው" አለች። እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ትልቁ ለውጥ እሱ መሰለኝ። አለቃ ማለት ሸክሙን ሁሉ የሚሸከም ሰው ነው ብዬ ነበር የማምነው። ሸክሙ ምን እንደሆነ የሚያሳይ ይሆን እንዴ? ይህም ደብተሬ ላይ አለ።

ለጄነራል የነገርኳት አንሶላ ስናጥፍ ነው። አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም፤ ሁለት ሰው አራቱን ጫፍ ይዞ ይራራቃል፣ ይቀራረባል። ተቀራርበን እጃችን ሲገናኝ ልናገር እልና፣ አፌን ስከፍት እንራራቃለን። በሦስተኛው አንሶላ ላይ እጇን ያዝኩና ሁሉንም ነገርኳት። ጫፉን ለቀቀችው፤ ንጹሑ አንሶላ መሬት ላይ ተነጠፈ። "አጨብጭበሽልኛል እኮ!" አለችኝ። መጀመሪያ የወጣት ቃል ይህ ነው። "እኔ እንደ ጅል ስፎክር አንቺ አጨብጭበሽልኛል! ይህ ዝምታሽ ትሕትና ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የቆለፍሽብኝ ቁልፍ ነው።" ቀጥላ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ "የዓይን ሐኪሙ ያለው እዚሁ ከእኛ ሁለት ፎቅ በላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የራሴን ዓይን ከእኔ ደበቅሽብኝ" አለችና ጥላኝ ሄደች። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። በእግዚአብሔር ስም እምልልሻለሁ፣ አንድም ቀን አላሰብኩትም። ጥቅሉ ከኦፕራሲዮን ክፍል ቢመለስ ኖሮ ታውቅ ነበር፤ እንዳይመለስ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አራት ቀን አላናገረችኝም። አንሶላውን ከሌላዋ ጋር ታጥፋለች፤ ስትሳሳትም በግልጽ ጮክ ብላ "ማዕዘኑ የት አለ? አሳዩኝ!" ትላለች። በአምስተኛው ቀን አጠገቤ መጥታ "ነይ፣ የሰረቅሽኝን አብረን እናስቆጥር" አለችኝ። ሁለቱን ፎቅ አብረን ወጣን፤ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ግላኮማ ይባላል አለን። ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረው ግን በየቀኑ ጠብታ ከተደረገበት ሊጠበቅ ይችላል። "ቀደም ብለሽ ብትመጪ ጥሩ ነበር" አላት። ወደ እኔ ዞራ አላየችም። ደረጃው ላይ እኔ ማልቀስ ስጀምር "አሁን ልቅሶሽን ተዪና ክንዴን ያዢኝ፤ በጎን ያለውን አታዪም ተብያለሁ። ደግሞ ስትይዢኝ ንገሪኝ፣ ስትለቂኝም ንገሪኝ" አለችኝ።

አስተዳዳሪው ዘንድ አብረን ገባን፤ የተናገረችው እሷ ናት። እኔ ልጀምር ስል "ኃላፊ ሆይ፣ ዝም በይ" አለችኝና ሰውየው ሳቁን ዋጠ። ከሥራ አልወጣችም፤ ለጊዜው የብርድ ልብስና የፎጣ ክፍል ተሰጥቷታል፣ ጡረታዋም እንዳለ ነው። እኔ ማስጠንቀቂያ ተጽፎብኛል፤ ይገባኛል። ያም ሆኖ ኃላፊነቱ ከእኔ አልተወሰደም፤ "መዝገቡን ግን ከእንግዲህ እውነት አድርጊው" ተባልኩ። ወደ አዲሱ ቅርንጫፍ ማን ይሂድ የሚለውን ደግሞ ሰባታችንንም ሰብስቤ ጠየቅኩ። ከዚያ ከሁላችን የምታንሰው፣ ሁለት አውቶቡስ ለውጣ የምትመጣው ልጅ "እኔ እኮ ቤቴ እዚያ አጠገብ ነው፤ የጠየቀኝ የለም" አለች። ጄነራል ጭንቅላቷን ይዛ "እግዚኦ! መጠየቅ ይህን ያህል ርካሽ ነው?" አለች።

እንግዲህ ወደ አንቺ መጣሁ። እናታችን ስታርፍ እኔ ሃያ፣ አንቺ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። አውቶቡሱ ላይ ሳሳፍርሽ "ትምህርት ቤት ሲከፈት መጥቼ እወስድሻለሁ" አልኩሽ። ስትጠብቂ ኖርሽ፤ እኔ አልመጣሁም። አክስታችን ናት አልሰጥም ያለችኝ ብዬ አስጽፌ ላኩልሽ፤ አመንሽኝ። ይህ ውሸት ነው ድንቡሼ። አክስታችን ከልክላኝ አታውቅም። ከመሄድሽ ሦስት ሳምንት በፊት ለዘለቄታው እንድታሳድግሽ የለመንኳት እኔ ነኝ። ብቻዬን ላበላሽ አልችልም ብዬ ፈራሁ፤ ብነግርሽ ታለቅሺያለሽ ብዬ ዋሸሁ። በኋላ እሷ "እውነቱን እንንገራት" ስትለኝ እግሯ ላይ ወድቄ አስተውኳት። "እንግዲያው አንቺን ከምትጠላ እኔን ትጥላ" አለችኝ። ያቺ ሴት ይህን ይዛ ኖረች። ባለፈው ዓመት ስታርፍ "አላለቅስላትም፤ ከእህቴ የለየችኝ እሷ ናት" አልሽኝ። እኔም ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ከኃጢአቴ ሁሉ የሚከብደኝ የልጅነቱ አይደለም፤ ይህ ያለፈው ዓመት ዝምታ ነው። አምና የሃያ ዓመት ልጅ አልነበርኩምና።

ይቅር በዪኝ ለማለት አፌ ይቸኩላል፣ ግን ቶሎ ይቅርታ መለመን ራሱ አንቺን ዝም ማሰኛ እንዳይሆን ፈራሁ። ተቆጪ። ያዘንሽውን ያህል እዘኚ፤ የሚበቃሽን ያህልም ዝም በይ። ለአክስታችን ማልቀስ ብትፈልጊ እንባሽ የዘገየው በእኔ ምክንያት ነው፣ በአንቺ አይደለም። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ማወቅ ነው፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በልቤ ሳወጣ ሳወርደው ኖሬአለሁ። ያን ጊዜ ቁጭ አድርጌ እውነቱን ነግሬሽ፣ "እንራብም እንጥገብም ከእኔ ጋር ትቀሪያለሽ ወይስ አክስታችን ጋ ትሄጃለሽ?" ብዬ ጠይቄሽ ቢሆን ኖሮ ምን ትዪኝ ነበር? ሁለቱንም መልስ በአንቺ ድምፅ ሰምቻቸዋለሁ። ሁለቱንም የፈጠርኳቸው ግን እኔ ነኝ። የአንቺን አላውቀውም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ መልስ ከጠፋብሽ፣ የአርባ ሦስት ዓመቷን ሴት መልስ ላኪልኝ።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ደብዳቤውን ማንበብ ከፈለገ አትከልክዪው፣ ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለኝም። አማትሽን ጉልበታቸውን ስመሽ፣ ጆሯቸው ላይ ጠጋ ብለሽ ሰላም ብላዎታለች በያቸው። ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዳለፈ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ አለህ፣ አክስትህ ኮርታብሃለች በይልኝ። ልጄም ከነጄሶዋ ሰላም ብላሻለች። ትንሿንም ሳሚልኝ፤ ግን ጉንጯን ይሁን ግንባሯን፣ መጀመሪያ እሷን ጠይቂልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ

ከላውንደሪው ጀርባ ካለችው ቤቴ
ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር 12 ቀን